የዕቃ ምስክርነት፤ በጥንት ዕቃ ንግድ ላይ ስለተመሠረቱ የምርመራ ልብ ወለዶች

ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰቡት ታላላቅ የሚባሉት ድርሰቶች ናቸው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ግን ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የሚነበብ፣ መምህሩ ሲያየው የሚነጥቀው መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ በአገራችን ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የጻፋቸውን የምርመራ ታሪኮችና ማሞ ውድነህ የተረጐማቸውን የስለላ መጻሕፍት እጅ በእጅ እየተቀባበለ በማንበብ የንባብን ፍቅር ያተረፈ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለሆነም ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ከተማሪው እጅ ከመንጠቅ ይልቅ በውስጡ ምን እንዳለ አብሮ መመርመር የሚሻል ይመስለናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚሁ ዘርፍ አንዱን ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ይኸውም በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚጻፈው፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎችን፣ ሐራጅ ቤቶችንና ዕቃ ሰብሳቢዎችን መነሻ ያደረገው የምርመራ ልብ ወለድ ነው። ይህን ቅርንጫፍ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከሰዎቹ ሌላ ዕቃውም ለምስክርነት ይቀርባል። ወንበሩ፣ ማንኪያው፣ የሸክላው ምስል ‹‹ማን ሠራህ? መቼ ተሠራህ? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፍህ?›› ተብሎ ይጠየቃል። አንባቢውም እውነትን ከሐሰት በማስረጃ መለየትን ሳይታወቀው ይለማመዳል። ይህ ደግሞ የታሪክም፣ የሳይንስም፣ የቋንቋም መምህር ከተማሪው የሚፈልገው ችሎታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ‹‹የምድጃ ዳር›› ምርመራ ምን ማለት ነው?

የምርመራ ልብ ወለድ መነሻ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ያሳተመው አጭር ታሪክ ነው። ታሪኩ በፓሪስ ከተማ የተፈጸመን ግድያ በማስተዋልና በማመዛዘን ስለሚፈታ ሰው ይናገራል። ከዚያም በ1887 አርተር ኮናን ዶይል የተባለው ሐኪም ሼርሎክ ሆልምስን ለዓለም አስተዋወቀ። በ1920 ደግሞ እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አወጣች። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሠርታ ስለነበር ስለ መርዝ የነበራት እውቀት በድርሰቶቿ ውስጥ ጐልቶ ይታያል። ከዚህ እንደምንረዳው ይህ ዘርፍ ከጥንቱም ቢሆን የአንድን ሙያ እውቀት ለታሪክ ማዋልን የሚያውቅ ዘርፍ ነው።

ክሪስቲ በ1930 ባወጣችው መጽሐፍ ሚስ ማርፕል የተባሉትን አሮጊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሙሉ ልብ ወለድ ባለታሪክ አድርጋ አቀረበች። ሚስ ማርፕል ፖሊስ አይደሉም፤ መሣሪያም አይዙም። በአንዲት የገጠር መንደር ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ጐረቤቶቻቸውን ያስተውላሉ። የሰውን ጠባይ ጠንቅቀው ስለሚያውቁም ፖሊስ ያልደረሰበትን ይደርሱበታል። በኋላ ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ‹‹ኮዚ›› ብለው ለሰየሙት የልብ ወለድ ዓይነት ዋነኛ አርአያ የሆኑት እኚህ አሮጊት ናቸው። ‹‹ኮዚ›› የሚለው ቃል ሙቀትና ምቾት ያለውን ነገር ይገልጻል፤ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ በማንቆርቆሪያው ላይ የሚደረገው የጨርቅ ሽፋንም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ‹‹የምድጃ ዳር ምርመራ›› እንለዋለን። ዋና ዋና ጠባዮቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ታሪኩ የሚፈጸመው ሰዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ጠባብ ስፍራ፣ ማለትም በመንደር፣ በትንሽ ከተማ ወይም በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው።

ለ. መርማሪው ሌላ መተዳደሪያ ያለው ተራ ሰው ነው። ባለ ሱቅ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ግድያ ቢኖርም ደሙ በአንባቢው ዓይን ፊት አይፈስም። የጽሑፉ ትኩረት በእንቆቅልሹ ላይ ነው።

መ. በመጨረሻ እውነቱ ይወጣል፤ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ መንደሩም ወደ ሰላሙ ይመለሳል።

በ1929 ካህንና የምርመራ ታሪክ ደራሲ የነበረው ሮናልድ ኖክስ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት አሥር ደንቦችን ጽፎ ነበር። ከነዚህም አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው መደበቅ እንደሌለበት፣ ሌላው ደግሞ ምስጢሩ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ በሆነ ኃይል መፈታት እንደሌለበት ያዝዛል። ስለዚህ ደራሲውና አንባቢው እንደ ገበጣ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጠጠሩ ሁሉ በሁለቱም ፊት ተዘርግቷል፣ አሸናፊው አስቦ የሚጫወተው ነው።

2. የጥንት ዕቃ ንግድ ለምን ተመረጠ?

በመጀመሪያ ‹‹የጥንት ዕቃ›› ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። በንግዱ ዓለም የተለመደው መለኪያ 100 ዓመት ነው። የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ በ1930 ያለ ቀረጥ እንዲገባ የፈቀደው ከ1830 በፊት ለተሠራ ጥንታዊ ዕቃ ነበር። ይህ የተወሰነ ዓመት በ1966 ተለውጦ ዕድሜው 100 ዓመት የሞላ ዕቃ ሁሉ በጥንታዊነት እንዲታይ ተደረገ። እንግዲህ ዕድሜ ራሱ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ማታለል አይጠፋም።

ደራሲዎች ይህን ንግድ የሚመርጡበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም አራቱን እንጠቅሳለን።

አንደኛ፣ የዕቃው ዋጋ በእውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። የማያውቅ ሰው አሮጌ ሳህን ብሎ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጠውን፣ የሚያውቅ ሰው ገዝቶ በብዙ ሺህ ሊሸጠው ይችላል። በአዋቂና በአላዋቂ መካከል ያለው ልዩነት ለታሪኩ ግጭት ይፈጥርለታል።

ሁለተኛ፣ አስመስሎ መሥራት አለ። በአንድ ሱቅ ውስጥ እውነተኛውና ሐሰተኛው ጐን ለጐን ቆመው ይታያሉ። ዕቃውን የሚመረምረው ዓይን ሰውንም ሊመረምር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ንግዱ ከሞትና ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሰው ሲሞት የቤቱ ዕቃ ይቈጠራል፣ ይገመታል፣ ይሸጣል። ወራሾች ይጣላሉ፤ የተደበቀ ደብዳቤ ከመሳቢያ ውስጥ ይወጣል። ነጋዴው በር ሳያንኳኳ የማይገባበትን የቤተ ሰብ ምስጢር ተጋብዞ ያየዋል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ የሰንሰለት ያህል ነው፤ አንዱ ቀለበት ከጐደለ ጥርጣሬ ይገባል።

ለማታለሉ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንስጥ። በእንግሊዝ ሐራጅ ቤቶች ነጋዴዎች ‹‹ቀለበት›› የሚሉት ዘዴ ነበራቸው። ነጋዴዎቹ አስቀድመው ይስማሙና በሐራጁ ላይ አንዳቸው በአንዳቸው ላይ ዋጋ አይጨምሩም። ለምሳሌ ያህል 100 ፓውንድ የሚያወጣ ጠረጴዛ አንደኛው ብቻ ተጫርቶ በ20 ፓውንድ ይገዛዋል እንበል። ከዚያም በስውር ተሰብስበው ለራሳቸው ሁለተኛ ሐራጅ ያደርጋሉ። ጠረጴዛው በ80 ፓውንድ ለአንዳቸው ቢወድቅ፣ ልዩነቱን 60 ፓውንድ ይካፈሉታል። ያ 60 ፓውንድ ከማን ኪስ ወጣ? ባሏ የሞተባት ሴት ወይም የሙት ልጅ ሊሆን ከሚችለው ከባለ ዕቃው ኪስ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን ዘዴ በ1927 ባወጣው ሕግ ወንጀል አድርጎታል። በምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ ማንም ሳይጫረት ዝም ያለበት ሐራጅ ሲያጋጥመን፣ ዝምታው ራሱ ፍንጭ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል።

3. ከመጻሕፍቱ ጥቂቶቹ

ይህን ንግድ በምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ በሰፊው ካስታወቁት ደራሲያን አንዱ ጆናታን ጋሽ ነው። ይህ የብዕር ስም ሲሆን እውነተኛ ስሙ ጆን ግራንት የተባለ ሐኪም ነበር። በ1977 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ርእስ በአማርኛ ‹‹የይሁዳ ጥንድ›› ሊባል ይችላል። ባለታሪኩ ላቭጆይ በምሥራቅ እንግሊዝ የሚኖር የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ እውነተኛውን ዕቃ ሲያይ በደመ ነፍስ የማወቅ ስጦታም አለው። የሚፈለገው ዕቃ ዱርስ ኤግ የተባለው የለንደን የጦር መሣሪያ ሠሪ ሠራቸው የሚባሉ ሁለት ሽጉጦች ናቸው። ኤግ በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ ጥንዱ ሽጉጥ ግን የልብ ወለዱ ፈጠራ ነው። የላቭጆይ ታሪክ ከ1986 ጀምሮ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ስለቀረበ ንግዱን ለብዙ ሕዝብ አስተዋውቋል።

ይሁን እንጂ የላቭጆይን መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ የምድጃ ዳር ምርመራ ልንላቸው አንችልም። ላቭጆይ ይዋሻል፣ ያታልላል፣ ሲያስፈልገውም አስመስሎ ይሠራል፤ በታሪኩ ውስጥ ዓመፅም አለ። ለዘርፉ ያበረከተው የንግዱን ምስጢር የታሪክ ሞተር ማድረግ እንደሚቻል ማሳየቱ ነው።

ለስለስ ወዳለው መንገድ የሚቀርበው አንቶኒ ኦሊቨር ነው። ኦሊቨር ተዋናይና የስታፎርድሺር ሸክላ አዋቂ ነበር። በ1980 ያወጣው ልብ ወለድ ርእሱን ያገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት በስታፎርድሺር ይሠሩ ከነበሩ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ከሚያሳዩ አነስተኛ የሸክላ ምስሎች ነው። ስለ ሸክላው የሚሰጠው ማብራሪያ ከሥራ ልምድ የተገኘ ስለሆነ አንባቢው እየተዝናና ይማራል።

በአሜሪካ ዘርፉ የተስፋፋው በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት ነው። ጄን ክሌላንድ በ2006 የጆሲ ፕሬስኮትን ተከታታይ መጻሕፍት ጀመረች። ጆሲ በኒው ሃምፕሺር የባሕር ዳርቻ ባለች ምናባዊ ከተማ የጥንት ዕቃ ትገምታለች፣ ትሸጣለችም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ንብረታቸውን ልትሸጥላቸው የነበሩ ባለጸጋ ተገድለው ሲገኙ ጥርጣሬው በርሷ ላይ ይወድቃል። የጆሲ ያለፈ ሕይወትም ልብ ይነካል። ትሠራበት የነበረው ትልቅ የኒው ዮርክ ሐራጅ ቤት ከተፎካካሪው ጋር በዋጋ መመሳጠሩን በማጋለጧ ባልደረቦቿ አግልለዋታል። ይህ ከእውነተኛው ዓለም ጋር ይዛመዳል፤ የሁለቱ ታላላቅ ሐራጅ ቤቶች፣ የሶዘቢስና የክሪስቲስ የዋጋ ምስጢር ስምምነት በ2000 ወጥቶ፣ የሶዘቢስ ሊቀ መንበር የነበሩት አልፍሬድ ታውብማን በ2001 ጥፋተኛ ተብለዋል።

በዚያው በ2006 ማክስ አለን ኮሊንስና ባለቤቱ ባርባራ ኮሊንስ፣ ባርባራ አለን በሚል የጋራ የብዕር ስም፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት በምትገኝ ምናባዊ ከተማ ስለሚኖሩ እናትና ልጅ መጻፍ ጀመሩ። የነርሱ አቀራረብ ቀልድ ይበዛዋል። በ2024 ደግሞ ሲ. ኤል. ሚለር የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በዚሁ ዘርፍ አሳተመች። እናቷ ጁዲት ሚለር በእንግሊዝ የታወቁ የጥንት ዕቃ አዋቂ ነበሩ፤ ሰዎች የቤታቸውን አሮጌ ዕቃ እያመጡ በአዋቂዎች በሚያስመረምሩበት፣ ከ1979 ጀምሮ በቢቢሲ በሚታየው ዝግጅት ላይም ይቀርቡ ነበር። ከዚህ እንደምናየው ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከሱቅ ወደ መጽሐፍ ይተላለፋል።

4. እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የልብ ወለዱ መርማሪ ዕቃውን የሚመረምርበት መንገድ ከየት መጣ? ደራሲው ከራሱ የፈጠረው አይደለም፤ በእውነተኛው ሙያ ውስጥ ያለ ነው።

ብርን እንውሰድ። በእንግሊዝ በ1300 በወጣ ሕግ ጥራቱ የተረጋገጠ የብር ዕቃ የነብር ራስ ምልክት እንዲመታበት ታዘዘ። የጥራቱ ልክ ከ1000 እጅ 925 እጅ ንጹሕ ብር ነው። በ1478 የአንጥረኞች ማኅበር ዕቃው የተመረመረበትን ዓመት የሚያመለክት ፊደል መምታት ጀመረ። ምርመራው በማኅበሩ አዳራሽ ይደረግ ስለነበር ምልክቱ እስከ ዛሬ ‹‹ሆልማርክ››፣ ማለትም የአዳራሽ ምልክት ይባላል። በ1544 ደግሞ የሚራመድ አንበሳ ተጨመረ። እንግዲህ ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሰው ማንኪያውን ገልብጦ ከተማውን፣ ዓመቱንና የጥራቱን ልክ ይነግረናል።

ነገር ግን አታላዩም ምልክቱን ያውቃል። ከተሰበረ አሮጌ ማንኪያ ላይ እውነተኛውን ምልክት ቈርጦ በአዲስ ትልቅ ዕቃ ላይ ይበይደዋል። ምልክቱ እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን ሐሰተኛ ነው። አዋቂው ምን ያደርጋል? በብሩ ላይ እፍ ይልበታል። ትንፋሹ ብሩን ሲያለብሰው የብየዳው መስመር ብቅ ይላል።

እንጨትም እንዲሁ ይናገራል። እንጨት በደረቀ ቍጥር ከቃጫው አቅጣጫ ይልቅ በአግድም ይኮማተራል። ስለዚህ ብዙ ዘመን የቈየ ክብ ጠረጴዛ በሜትር ሲለካ ፍጹም ክብ ሆኖ አይገኝም። በሁለቱም አቅጣጫ ልኩ አንድ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። የክብ መጋዝ ምልክት እንደ ቀስት የጐበጠ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መጋዝ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው መቶ ዓመት ስለሆነ፣ በ1700 ተሠራ በሚባል ቁም ሣጥን ጀርባ ላይ ሲገኝ ነገሩ ያበቃለታል። እንዲሁም እውነተኛ ማለቅ የሚታየው እጅና እግር በሚደርስበት ቦታ ነው። አታላይ ግን ቸኵሎ ማንም የማይነካውንም ጥግ ያሻክረዋል።

ከኛው አገር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ የማስተማሪያ ምሳሌ አለን፤ ጠገራ ብር። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲገበያዩበት የኖሩት ይህ የማርያ ቴሬዛ ብር ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ይህም ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ ደጋግሞ ተመትቷል። ቪየና መትታዋለች፤ በ1930ዎቹም በሮምና በለንደን ተመትቷል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ‹‹1780 ስለሚል በ1780 የተሠራ ነው›› ቢል፣ ያነበበው ትክክል ሆኖ ሳለ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ላይሆን ይችላል። በዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር የዕቃው ቃል ነው፤ የምስክር ቃል ደግሞ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳይመሳከር አይጸናም። በልብ ወለዱ ውስጥ መርማሪው ለዕቃው የሚያደርገውን ለሰዎቹም ያደርጋል። አንድ ሰው ‹‹በዚያች ሌሊት ቤቴ ነበርሁ›› ሲል፣ እፍ የሚባልበት ብር ያህል ነው።

5. ‹‹ከማን እጅ መጣ?››

ዕቃው ራሱ ከተመረመረ በኋላ የሚቀረው የመጣበት መንገድ ነው። ለዚህ የሚጠቅመን ታሪክ ኮናን ዶይል በ1904 ያሳተመው፣ ስለ ስድስት የናፖሊዮን ምስሎች የሚናገረው አጭር ታሪክ ነው። አንድ ሰው ርካሽ የጀሶ ምስሎችን እያደነ ይሰባብራል። ፖሊሱ ናፖሊዮንን የሚጠላ እብድ ነው ብሎ ያስባል። ሆልምስ ግን ምስሎቹ ከየትኛው ሱቅ እንደተሸጡ፣ ሱቁ ከየትኛው ሠሪ እንደገዛ፣ ሠሪው መቼ እንደሠራቸው እየጠየቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጨረሻ ስድስተኛውን ምስል ባለቤቱ በ15 ሽልንግ የገዛው መሆኑን እየነገረው ሆልምስ በ10 ፓውንድ ይገዛዋል፤ ማንኛውንም መብት ማስተላለፉን የሚገልጽ ወረቀትም በምስክሮች ፊት ያስፈርመዋል። ምስሉ ሲሰበር የተሰረቀ ጥቁር ዕንቍ ከውስጡ ይወጣል። ያቺ ትንሽ ወረቀት ብዙ ታስተምራለች፤ የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም መንገድ ይዞ ይሄዳል።

ሆኖም ወረቀትም ሊያታልል ይችላል። በ2003 በእንግሊዝ የቦልተን ከተማ ሙዚየም ከ3,300 ዓመት በፊት በግብፅ የተሠራች የልዕልት ምስል ናት የተባለችውን ወደ 440,000 ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ሻጮቹ ለማስረጃ ያቀረቡት በ1892 የተደረገን የሐራጅ ሽያጭ ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩ እውነተኛ ነበር፤ ምስሏን ግን የሠራት ሾን ግሪንሀልጅ የተባለ በዚያው በቦልተን የሚኖር ሰው ነበር። በ2005 ቤተ ሰቡ የአሦር ናቸው ያሏቸውን የድንጋይ ቅርጾች ለማስመርመር ሲያቀርብ በጥንቱ ጽሕፈት ላይ ስሕተት ተገኘ፤ ነገሩም ተገለጠ። በ2007 ሾን አራት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። እንግዲህ በብሩ ማንኪያ ላይ ያየነው ነገር እዚህም ተደገመ፤ እውነተኛ ማስረጃ በሐሰተኛ ዕቃ ላይ ተበየደ። አባቶቻችን ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚጠራው የሚመረምር ሰው ሲኖር ነው።

ይህ ጥያቄ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላ፣ በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ብዙ የብራና መጻሕፍትን ገዛ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በወታደሮች እጅ የገባው ሌላው ዕቃ በየቤቱ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ሲሞት ለወራሽ፣ ወራሹ ሲሸጥም ለሐራጅ ቤት መድረሱ አልቀረም። በ2021 በእንግሊዝ የዶርሴት አውራጃ ከመቅደላ የመጡ ዕቃዎች ለሐራጅ ቀርበው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባደረገው ጥረት ሽያጩ ቀረ፤ ዕቃዎቹም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ‹‹የመቅደላ ዕቃ ነው›› የሚለው ቃል ለሻጩ ዋጋ የሚጨምር ማስታወቂያ ነበር፤ ለኛ ግን ዕቃው እንዴት ከአገር እንደወጣ የሚመሰክር ቃል ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር እንደ አንባቢው ሁለት ነገር ይናገራል።

የላሊበላውን አፍሮ አይገባ መስቀልም መጥቀስ ይቻላል። መስቀሉ በ1997 ተሰርቆ ቤልጅግ አገር ከደረሰ በኋላ በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አንባቢ ‹‹ደራሲው አበዛው›› ይል ነበር።

6. የዘርፉ ጉድለቶች

የምድጃ ዳር ምርመራ ጉድለት የለበትም አንልም። አንደኛ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ሰው ሲገደል ነዋሪው ሻዩን እየጠጣ መኖሩ ለእውነት የራቀ ነው። ሁለተኛ፣ ተራው ሰው ብልህ ሆኖ እንዲታይ ፖሊሱ ከልክ በላይ ሞኝ ተደርጎ ይሣላል። ሦስተኛ፣ በአንዳንዶቹ መጻሕፍት የጥንት ዕቃው ለጌጥ ብቻ የገባ ነው፤ ሱቁ አበባ ሻጭ ቢሆን ታሪኩ አይለወጥም። ጥሩውን ከደካማው የምንለይበት አንድ ቀላል ፈተና እነሆ፤ ዕቃውን ከታሪኩ ብናወጣው ምስጢሩ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ካልፈረሰ ዕቃው ምስክር ሳይሆን ተመልካች ነበር ማለት ነው።

አራተኛውና ከባዱ ጉድለት የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ብዙዎቹ መጻሕፍት ዕቃው ከሟቹ ቤት እንዴት እንደወጣ በጥንቃቄ ይመረምራሉ። ሟቹ ቤት እንዴት እንደገባ፣ ከዚያም በፊት ከየትኛው አገር በምን ሁኔታ እንደተወሰደ ግን አይጠይቁም። በመጨረሻው ምዕራፍ ‹‹ሰላም ተመለሰ›› ሲባል፣ ዕቃው ግን ወደ ባለቤቱ ላይመለስ ይችላል። የኛ ተማሪ ይህን ጥያቄ ጨምሮ ቢያነብ ከመጽሐፉ በላይ ያነባል ማለት ነው።

7. በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

መጻሕፍቱ በብዛት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ሁሉን ማግኘት ያስቸግራል። ስለሆነም መምህሩ አንድ አጭር የምርመራ ታሪክ፣ ለምሳሌ ከላይ የጠቀስነውን የስድስቱን ምስሎች ታሪክ፣ በቃሉ በአማርኛ ቢተርክ ይበቃዋል። አካሄዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ሀ. መምህሩ ታሪኩን ተርኮ ምስጢሩ ከመፈታቱ በፊት ያቆማል። ተማሪዎች ማን እንዳደረገው ወዲያው እንዲናገሩ አይፈቀድላቸውም።

ለ. ተማሪዎች በደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምዶች ያሰምራሉ። በመጀመሪያው ‹‹ያየነው››፣ በሁለተኛው ‹‹የተነገረን››፣ በሦስተኛው ‹‹የገመትነው›› ብለው ይጽፋሉ። አንድ ሐሳብ ከየትኛው ዓምድ እንደሚገባ መከራከር የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው።

ሐ. እያንዳንዱ ቡድን መልሱን ሲሰጥ ‹‹በምን አወቃችሁ?›› ተብሎ ይጠየቃል። ማስረጃ የሌለው ትክክለኛ መልስ ማስረጃ ካለው የተሳሳተ መልስ የበለጠ ነጥብ አያገኝም።

መ. ለቤት ሥራ ተማሪው በቤቱ ካለ አንድ አሮጌ ዕቃ፣ ከጀበናም፣ ከመሶብም፣ ከጠገራ ብርም ቢሆን፣ ታሪኩን ከአያቱ ወይም ከጐረቤት ጠይቆ ይጽፋል። ዕቃውን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት አያስፈልገውም። ማን እንደሠራው፣ ከማን እንደተገኘ፣ ከዕቃው ላይ የሚታየው ምልክት ከተነገረው ጋር መስማማት አለመስማማቱን ይገልጻል።

በዚህ ሥራ ተማሪው ሁለት ነገር ያተርፋል። በመጀመሪያ አያት ከተናገሩትና ከዕቃው ላይ ከሚታየው መካከል ልዩነት ሲያገኝ ማንንም ሳያዋርድ መጠየቅን ይማራል፤ ይህ የታሪክ ተመራማሪ ጠባይ ነው። ሁለተኛም በቤቱ ጥግ የተጣለው ነገር ስም፣ ሠሪና መንገድ እንዳለው ይገነዘባል። የአገር ቅርስ በአንድ ሌሊት ብቻ አይጠፋም። ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ሳይጠየቁ ሲያልፉና ዕቃው ስም የሌለው ሲሆን፣ ለሚገዛ እንግዳ አሳልፎ መስጠቱ ይቀላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የምድጃ ዳር ምርመራ ቀላል ንባብ ነው፤ የተጻፈውም ለመዝናኛ ነው። ይሁን እንጂ በጥንት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሲሆን አንባቢውን ሁለት ጥያቄዎች ያስለምደዋል። አንደኛው ‹‹ይህ ነገር የሚባለውን ነው ወይ?›› ሲሆን ሁለተኛው ‹‹ከማን እጅ መጣ?›› ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለማንኪያ ማቅረብ የለመደ ተማሪ ለጋዜጣ ዜና፣ ለተባዛ ወሬ፣ በስልክ ለደረሰው ፎቶግራፍም ያቀርባቸዋል። ‹‹ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል›› ይባል የለ! የመምህሩ ሥራ ተማሪው ሳያድር እንዲመዝነው ማስተማር ነው።